የአያቴ ቀለህ እና «ስድስት ነጥብ አምስቷ»

በሰሜን ስዊድን፣ የምትላንድ በሚባለው ግዛት፣ የትልቁ አጋዘን አደን የሚከፈተው በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ነው። ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ ማብቂያ ወይም ከጳጉሜን መግቢያ ጋር ስለሚገጥም፣ እናቴ ከአገር ቤት ደውላ ስለ እንቁጣጣሽ ዶሮና ቅቤ ዋጋ በምታወራኝ ሰሞን እኔ ቦት ጫማዬን ሰም እየቀባሁ ጥይት እቆጥራለሁ። ስዊድኖች እንስሳውን «ኤልይ» ይሉታል። አጋዘን ይባል እንጂ እኛ የምናውቀውን አጋዘን አይመስልም፤ ትልቁ ወንድ ከሰንጋ በሬ የማይተናነስ ክብደት አለው፣ ትከሻው ከረጅም ሰው ራስ ጋር ይስተካከላል፤ ሆኖም በጥድ ጫካ ውስጥ ቅጠል ሳያንኮሻኩሽ ያልፋል።

የአደን ፈተናውን አልፌ የመንደሩ ቡድን በተቀበለኝ የመጀመሪያ ማለዳ፣ ጎጆው ውስጥ እሳት ተቀጣጥሎ፣ ቡና በጥቁር ጀበና መሳይ ማንቆርቆሪያ እየፈላ ሳለ፣ የቡድኑ መሪ ምን ዓይነት ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ እንደገዛሁ ጠየቁኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን በደን ሥራ የጨረሱ ሰው ናቸው። ዴንቨር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ በመከረኝ መሠረት የገዛሁት አሜሪካኖች «ተርቲ ኦት ሲክስ» የሚሉትን፣ በጽሑፍ .30-06 ተብሎ የሚታወቀውን ነበር። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «ደግ ነው፣ እሱም ይገድላል» አሉኝ። «እሱም» የምትለዋ ቃል ለቀናት ከጆሮዬ አልወጣችም።

የእሳቸው ጠመንጃ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሰደፉ ከእጅ ላብ ብዛት የጠቆረ፣ የሚተኩሰውም 6.5×55 የተባለውን ጥይት ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር የአረሩን (ተወርውሮ የሚሄደውን የጥይቱን ክፍል) ውፍረት፣ ሁለተኛው የቀለሁን ርዝመት በሚሊሜትር ይናገራል። እዚህ አገር ሰዎች ጥይቷን እንደ ቤተሰብ አባል በቅጽል ስሟ «ስድስት ነጥብ አምስቷ» እያሉ ይጠሯታል። ማታ ወደ ዴንቨር ስደውል የአጎቴ ልጅ በእውነት ደነገጠ። «በሬ የሚያህል እንስሳ በዚያች ቀጭን ጥይት? ለእንስሳው ማዘን የለም እንዴ?» አለኝ። ሁለቱም ሰዎች ለዓመታት ያደኑ፣ እንስሳ ቆስሎ እንዳያመልጥ የሚጨነቁ፣ ሥጋውን በክብር የሚበሉ ናቸው። እንዲህ ሆነው ሳለ አንዱ የሌላውን ጥይት እንደ ግፍ ይቆጥረዋል። ይህን ልዩነት ለመረዳት ከዚያ ወዲህ ብዙ ጠይቄአለሁ፣ ብዙም አንብቤአለሁ፤ የገባኝን ያህል እዚህ ልጽፍ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የማስቀምጠው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ስድስት ነጥብ አምስቷ የተወለደችው ስዊድንና ኖርዌይ በአንድ ንጉሥ ሥር በነበሩበት ጊዜ፣ በ1894 ለሁለቱም ሠራዊት ጥይት እንድትሆን ተወስኖ ነው። ስዊድን ከዚያ ወዲህ በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ገለልተኛ ሆና ስለቆየች፣ ጥይቷ በስዊድን ሰው ትዝታ ውስጥ ከጦር ሜዳ ይልቅ ከእሑድ የዒላማ ውድድር ጋር ነው የተያያዘችው። በየመንደሩ የተኩስ ማኅበር ነበር፣ ገበሬውም መምህሩም በማውዘር ጠመንጃ ዒላማ እየመታ አደገ፤ ሠራዊቱ ጠመንጃዎቹን ሲተው ደግሞ አዳኙ በርካሽ ገዛቸው። መሪያችን መተኮስ የተማሩት ከአባታቸው፣ አባታቸውም ከዚያው ማኅበር ነው። የኤልዩ ቁጥር ከደን አያያዝ ለውጥ ጋር እጅግ ሲበዛና አደኑ በ1982 ወደ 174 ሺህ እንስሳ ሲደርስ፣ ከእነዚያ መካከል እጅግ ብዙው የወደቀው በዚህች ጥይት ነው። አንድን ነገር በዚህ ብዛት ሲሠራ ያየ ሰው ስለ ብቃቱ ክርክር አያስፈልገውም።

ምሥጢሩ ከአረሩ ቅርጽ ነው። የተለመደው የኤልይ አረር 10.1 ግራም ይመዝናል፤ ለዚያ ቅጥነቱ ይህ ከባድ ስለሆነ አረሩ ረጅም ይሆናል፣ ረጅምና ቀጭን የሆነ ነገር ደግሞ እንደ ወስፌ ነው፣ ጠልቆ ይገባል። የ.30-06 አረር በአፈሙዝ ላይ ወደ 3,900 ጁል ጉልበት ሲይዝ የስድስት ነጥብ አምስቷ ከ3,000 እምብዛም አይርቅም፤ ነገር ግን ሳንባ ላይ ከደረሰ ኤልዩ ይህን ልዩነት አያውቀውም። የስዊድን ሕግም ቢሆን ለእርሷ መንገድ የተወላት ይመስላል። ለትልቅ አውሬ የሚፈቀደው አረር ቢያንስ 9 ግራም ሆኖ በ100 ሜትር ላይ 2,700 ጁል መያዝ አለበት፤ 10 ግራምና ከዚያ በላይ የሚመዝን ከሆነ ግን 2,000 ጁል ይበቃዋል። ያቺ 10.1 ግራም በዚህ ሁለተኛ በር ነው የምትገባው።

አደኑ ራሱም አለ። እኛ የምናድነው በቡድን ነው። ውሻው በጫካ ውስጥ ኤልዩን ያገኝና እየጮኸ ያቆመዋል፣ ወይም ወደ እኛ ያመጣዋል፤ እኛ ደግሞ በተመደበልን ማማ ላይ ተቀምጠን እንጠብቃለን። ብዙው ተኩስ ከ100 ሜትር በታች ነው። እንስሳው ቢቆስል የሚከታተል የሠለጠነ ውሻ በ2 ሰዓት ውስጥ ከቦታው መድረስ እንዲችል ሕግ ያስገድዳል። እንግዲህ ከአጠገብህ ውሻ፣ ከጀርባህ አሥር ሰው፣ ከፊትህ ስልሳ ሜትር ሲኖር፣ ጥይትህ ኃይለኛ ይሁን አይሁን ከሚለው ይልቅ ረጋ ብለህ ትተኩሳለህ ወይ የሚለው ይቀድማል። ትከሻን የማይመታ ጥይት ደግሞ ሰውን ያረጋጋል። ይህን በራሴ አይቼዋለሁ። በልምምድ ሜዳ ላይ፣ በ80 ሜትር በሐዲድ ላይ የሚሮጠውን የኤልይ ምስል በ.30-06 ስተኩስ፣ ከአሥረኛው ጥይት በኋላ ቃታውን ከመሳቤ በፊት ዓይኔን መጨፈን ጀምሬ ነበር። መሪያችን አንድም ነገር ሳይናገሩ የራሳቸውን ጠመንጃ አቀበሉኝ። ቀጥለው የተኮስኳቸው አራት ጥይቶች ሁሉ ከትከሻው ጀርባ፣ መዳፌ በሚሸፍነው ቦታ ላይ አረፉ።

ዴንቨር ያለው የአጎቴ ልጅ ይህን ቢሰማም አልተለወጠም፤ የእሱን አገር ሳስብም አልፈርድበትም። እሱ የሚያድነው ኤልክ ነው። (ስሙ ከስዊድኑ «ኤልይ» ጋር ከአንድ ሥር የመጣ ሲሆን እንስሳው ግን ሌላ ነው፤ በስልክ ስንነጋገር ለአንድ ዓመት ያህል ስለ አንድ አውሬ የምናወራ መስሎን ነበር።) የኮሎራዶ ተራራ ገላጣ ነው፣ ከሸለቆ ማዶ 300 ሜትር ላይ የቆመ እንስሳ ከዚያ በላይ አላስጠጋም ይላል። በብዙ ቦታ የአደን ፈቃዱ በዕጣ ነው የሚወጣው፣ የተሰጠውም ጊዜ ጥቂት ቀን ነው፤ ውሻ የለም፣ ቡድን የለም፣ ሰውየው ብቻውን ነው። ያቺን አንዲት ዕድል ሲያገኝ የጉልበት ትርፍ በእጁ እንዲኖር ይፈልጋል። እኔን ያስገረመኝ ግን ሕጉ ነው። ኮሎራዶ ለኤልክ የሚጠይቀው በ100 ያርድ ላይ ወደ 1,350 ጁል ገደማ ብቻ ነው፣ ከስዊድን እጅግ የላላ፤ አዳኙ ግን ከሕጉ ሁለትና ሦስት እጥፍ የበረታውን በገዛ ፈቃዱ ይሸከማል። በስዊድን ሕጉ ይጠብቃል፣ ሰዉ በትንሿ ይረካል። በአሜሪካ ሕጉ ይላላል፣ ሰዉ ትልቁን ይሻል። ስለዚህ ልዩነቱ በሕግ ጥብቀት የመጣ አይደለም፤ ወደ ታሪክ መሄድ ነበረብኝ።

ታሪኩ በኩባ ይጀምራል። በጁላይ 1, 1898 የአሜሪካ ወታደሮች የሳን ሁዋንን ኮረብታ ሲወጡ፣ ከላይ የጠበቋቸው ጥቂት መቶ የስፔን ወታደሮች 7×57 የሚተኩስ ማውዘር ይዘው ነበር። አሜሪካኖቹ ከያዙት ከክራግ ጠመንጃ የተሻለ ፈጣንና ቀጥተኛ ነበር፣ ብዙ ሰውም ጨረሰባቸው። ኮረብታው ቢያዝም ትምህርቱ አልተረሳም። የ1903ቱ የአሜሪካ ጠመንጃ ከማውዘር አሠራር ብዙ የወሰደ በመሆኑ መንግሥታቸው ለጀርመኑ ኩባንያ 200 ሺህ ዶላር ከፍሏል፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ጥይቱ ተሻሽሎ .30-06 ተባለ፣ .30 የአረሩ ውፍረት በኢንች ሲሆን 06 ማለት 1906 ነው። በዚያ ኮረብታ ላይ የተዋጋው ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ከፕሬዚዳንትነት ወርዶ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሲሄድ ይህንኑ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ከዚያ በሁለት የዓለም ጦርነቶች ሚሊዮኖች በዚህ ጥይት ተዋጉ፣ የተመለሱትም አመኑት፣ ለልጆቻቸውም አወረሱት። የአጎቴ ልጅን ለመጀመሪያ ጊዜ ተራራ ያወጡት የሥራ ባልደረባው አባት ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ነበሩ። ስለዚህ ለእሱ .30-06 ማለት የሕይወት ልምድ ያላቸው አንድ ሽማግሌ በብርድ ማለዳ «ይህ አያሳፍርህም» ብለው በእጁ ያኖሩለት ነገር ነው። እዚህ ያሉት ሽማግሌ ደግሞ ለእኔ ተመሳሳዩን በሌላ ጥይት አደረጉልኝ።

አሜሪካም ቢሆን እየተለወጠች ነው። ከ2007 ወዲህ «ክሪድሙር» የተባለ አዲስ 6.5 ጥይት በዚያ ገበያ ገንኖ፣ ረጅምና ቀጭን አረር ያለውን ጥቅም ብዙ አዳኝ እየመሰከረ ነው። ለመሪያችን ስነግራቸው አልተደነቁም፤ ጥይቱ የሚሠራውን ሥራ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል።

የሳን ሁዋን ጥይት 7×57 በሌላ አገር ሌላ ስም አወጣች። በደቡብ አፍሪካ የነበሩት የቡር (የደች ዝርያ ያላቸው ነጭ ሰፋሪዎች) ሪፐብሊኮች ከ1896 ጀምሮ ይህንን ማውዘር በአሥር ሺዎች ገዝተው በ1899 ከእንግሊዝ ጋር ተዋጉበት። እስከ ዛሬ በደቡብ አፍሪካ የአፍሪካነር አዳኝ ቤት ውስጥ ይህች ጥይት ከአያት የወረደች ዕቃ ክብር አላት። እንግሊዞቹ በበኩላቸው የጠላታቸውን ጥይት ጥሩነት አይተው .275 ሪግቢ የሚል የእንግሊዝ ስም ሰጧት። በ1907 በህንድ የሻምፓዋትን ሰው በላ ነብር ለገደለው ለጂም ኮርቤት የተሸለመው ጠመንጃ የሚተኩሰው እርሷን ነው።

በዚህችው ጥይት ነው ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል ከገደላቸው ከ1,000 በላይ ዝሆኖች አብዛኞቹን የጣለው። ይህ ሰው ወደ አገራችንም ምዕራባዊ ጫፍ ዘልቆ በጊሎ ወንዝ አካባቢ አድኗል። የገደለው ብዛት ያሳዝነኛል እንጂ አያስደንቀኝም፤ ዛሬ ጋምቤላ ውስጥ ዝሆን ማየት ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር በደስታ ሊያነበው አይችልም። ነገር ግን ያደረገውን አንድ ነገር ችላ ማለት አይቻልም። የዝሆንን ራስ ቅል በመጋዝ ለሁለት ከፍሎ አንጎሉ የት እንደሚገኝ አጥንቷል። አንጎሉን የሚያገኝ ሰው 7 ሚሊሜትር ይበቃዋል፣ ለማያገኝ ሰው ግን የትኛውም አይበቃውም። ከእሱ በኋላ የመጡት የአፍሪካ ሕጎች ሁሉም ሰው ቤል እንዳልሆነ አውቀው፣ በብዙ አገር ለዝሆንና ለጎሽ በ1912 ከወጣው ከ.375 በታች እንዳይተኮስ ከለከሉ። ይህን ትክክል ነው እላለሁ። ሕግ የሚወጣው እጁ ለሚንቀጠቀጠው ሰው ነው።

ሕግ ጣዕምን እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ግን ፈረንሳይን የመሰለ የለም። እስከ 2013 ድረስ አንድ ተራ ፈረንሳዊ አዳኝ የጦር ሠራዊት ጥይት ለማደኛ መያዝ በቀላሉ አይፈቀድለትም ነበር፤ .30-06 ሆነ የጀርመኑ 8×57 ከዚሁ ወገን ነበሩ። ስለዚህ ሁለት ትውልድ ሙሉ ፈረንሳዊው ያደነው ሠራዊት ባልነካው ጥይት፣ በተለይ ጀርመናዊው ብሬኔከ በ1917 ባወጣው በ7×64 ነው። ዛሬ ክልከላው ተነሥቶም በእርሱ የሚምል ብዙ ነው። በህንድም እንዲሁ፣ የሠራዊቱ .303 ለሲቪል ሲከለከል አዳኙ በ.315 ቀረ፤ ይህ ጥይት በመሠረቱ የኦስትሪያ ሠራዊት የማንሊኸር ጥይት ሲሆን በኢሻፑር ፋብሪካ የሕንዶች ሆኖ ተሠርቷል። ኖርዌይ ደግሞ በተቃራኒው፣ ጀርመኖች በ1945 ጥለው የሄዱትን ማውዘር አፈሙዙን ቀይራ .30-06 እንዲተኩስ አደረገችው። ድንበር ተሻግሬ እዚያ የማገኛቸው አዳኞች ስለ ጠመንጃዬ «እሱም» አይሉም።

ወደ ራሴ ወገን ልመለስ። አያቴ ጎጃም ውስጥ በቆሎውን ከከርከሮ ለመጠበቅ ጠመንጃ የሚይዝ፣ አልፎ አልፎም ሚዳቋ የሚያድን ገበሬ ነበር። በእሱ ቤት ስለ ጥይት ሚሊሜትር የሚያወራ ሰው አልነበረም። ጠመንጃ የሚጠራው በመጣበት አገር ወይም በተበላሸ የፈረንጅ ስም ነበር። የፈረንሳዩ የ1874 «ፉዚል ግራ» በእኛ አፍ «ውጅግራ» ሆነ፣ ስናይደር «ሰናድር»፣ ከቤልጅየም የመጣው ማውዘር «ቤልጅግ»። የአያቴ ቤልጅግ ነበር። ስለ ጠመንጃው ሲመሰክር የሚለው «አይክድም» ብቻ ነበር፤ ይህም ሲፈለግ ይተኩሳል፣ አይከሽፍም ማለት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። አዳኙ ያለችውን ጥይት እንጂ የወደዳትን የማይመርጥበት አገር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ በኢትዮጵያ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ሆኖ መገበያያ ነበር። በገበያ ላይ ዕቃ የሚገዛን ነገር በከንቱ የሚበትን የለም። አያቴ ያን ዘመን ባይደርስበትም ልማዱ በእጁ ላይ ነበር። ሦስት ጥይት ይዞ ከቤት ይወጣል፣ እንስሳው ጆሮውን ሲያርገበግብ እስኪያይ ድረስ ይጠጋል፣ ሁለቱን ይዞ ይመለሳል። ስዊድኑም አሜሪካዊውም ስለ ጥይታቸው ሲከራከሩ፣ ሁለቱም ሱቅ ሄደው በሳጥን የሚገዙ ሰዎች እንደሆኑ አስባለሁ።

የመጀመሪያውን ኤልይ የጣልኩ ቀን ለእናቴ ስነግራት ጥይቱን አልጠየቀችኝም። «የሚያመሰኳ ነው? ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። «በስመ አብ ብለህ ነው የተኮስከው?» ብዬአለሁ። ከዚያ በኋላ ነው «እንኳን ደስ ያለህ» ያለችኝ። በሚቀጥለው ክረምት ልትጠይቀኝ ስትመጣ ከሻንጣዋ ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ሰጠችኝ። የአያቴ ጥይት ቀለህ ነበር፤ እሱ ተኩሶ የጣለውን ሴት አያቴ አንሥታ ለዓመታት የኩል መያዣ አድርጋዋለች። ውስጡ እስካሁን ጥቁር ነው።

ለመሪያችን አሳየኋቸው። እሳቸው ጥይታቸውን በእጃቸው የሚሞሉ ስለሆኑ ሥራ ቤታቸው ውስጥ መለኪያው ሁሉ አለ። መነጽራቸውን አድርገው ርዝመቱን ለኩት፤ 57 ሚሊሜትር። ቀጥሎ የራሳቸውን የስድስት ነጥብ አምስት ቀለህ አነሡና ሁለቱን በመቀመጫቸው አቆሙ። የስዊድኗ መቀመጫ 12.2 ሚሊሜትር ነው፣ የአያቴ 12 እንኳ አይሞላም፤ በዓይን የማይለይ ግን ጣት የሚያውቀው ልዩነት። በመሙያ መሣሪያቸው ላይ ቀለህ በሚይዘው ቀለበት ውስጥ የአያቴን ቢያስገቡት ላላ፣ ተወዛወዘ። ከመሳቢያ ሌላ ቀለበት አወጡ፣ ያኛው በልኩ ገጠመ። «ይህ ያንተ ነው» አሉኝ። አልገባኝም ነበር። ጠመንጃዬ ከተደገፈበት ግድግዳ አጠገብ ከሳጥኔ አንድ የ.30-06 ጥይት አውጥተው ከአያቴ ቀለህ ጎን አቆሙት። መቀመጫቸው አንድ ነው። አሜሪካኖች ከማውዘር ሲወስዱ ይህንንም ወስደዋል።

ቀለሁን መልሰው በመሐረቡ ጠቅልለው ከሰጡኝ በኋላ ጣታቸው ላይ የቀረውን ጥቁር ኩል ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩ፤ ወዲያው አላበሱትም።